የ1977ቱ የሳኦ ፓውሎ ሻምፒዮና፦ አንድ ጥበቃ ያበቃበት፣ ሌላ ጥበቃ የቀጠለበት የውድድር ዘመን

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 13 ቀን 1977 ሐሙስ ምሽት፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ጥቅምት 3 ቀን 1970 ዓ.ም፣ በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከተማ በሚገኘው የሞሩምቢ ስታዲየም በተካሄደ የፍጻሜ ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ተቆጠረ። ያ ጎል ኮሪንቲያንስ የተባለውን ክለብ ከ22 ዓመት ከ8 ወር ከ7 ቀን በኋላ የሳኦ ፓውሎ ግዛት ሻምፒዮን አደረገው። ተሸናፊው ፖንቴ ፕሬታ ደግሞ ከተመሠረተ 77 ዓመታትን ያስቆጠረ፣ ነገር ግን የግዛቱን ዋንጫ አንድም ጊዜ ያላነሣ ክለብ ነበር።

ውድድሩ የዓለም ዋንጫ አልነበረም፤ የብራዚል ብሔራዊ ሻምፒዮናም አልነበረም። የአንድ ግዛት ውድድር ነበር። ያም ሆኖ በብራዚል እግር ኳስ ታሪክ እጅግ ከሚታወሱት የውድድር ዘመኖች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የግዛት ሻምፒዮና ለብራዚላውያን ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግዛት ሻምፒዮና ምንድን ነው?

ብራዚል 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ 26 ግዛቶችንና አንድ የፌዴራል አውራጃን ያቀፈች አገር ናት። እግር ኳስ ወደ አገሪቱ በገባበት ዘመን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መጓዝ ብዙ ቀናትን ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ክለቦች በየግዛታቸው ተሰባስበው መወዳደር ጀመሩ። ከእነዚህ ውድድሮች ሁሉ ቀዳሚው በ1902 የተጀመረው የሳኦ ፓውሎ ግዛት ሻምፒዮና፣ በብራዚላውያን አጠራር ካምፒዮናቶ ፓውሊስታ ነው።

መላ አገሪቱን የሚያሳትፈው የብራዚል ሻምፒዮና በዚህ ስሙ የተጀመረው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ረጅም ዓመታት የአንድ ክለብ ክብር በዋናነት የሚለካው በግዛቱ ውስጥ ባለው ደረጃ ነበር። ተፎካካሪው ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ ባልደረባ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኝ ጎረቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት የሚኖር ወንድም የተቃራኒው ክለብ ደጋፊ ነው። ድሉም ሽንፈቱም በማግሥቱ በየሥራ ቦታው ይወራል። የግዛት ዋንጫ ማጣት ከሌላው ማጣት ይልቅ የሚቆጨው በዚህ ምክንያት ነው።

የሠራተኛው ክለብ

ኮሪንቲያንስ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1910 ቦም ሬቲሮ በተባለው የሳኦ ፓውሎ ሠፈር በሠራተኞች ተመሠረተ። ስሙን የወሰደው በዚያው ዓመት ብራዚልን ከጎበኘ የእንግሊዝ ቡድን ነው። በዚያ ዘመን እግር ኳስ በአብዛኛው የሀብታሞች ጨዋታ ስለነበር፣ ክለቡ ከመነሻው የደኸየው ሕዝብ ክለብ የሚል ስም አገኘ። ከተማዋ ስታድግና ከየአቅጣጫው ሥራ ፈላጊ ሲጎርፍባት የደጋፊው ቁጥርም አብሮ አደገ።

በ1954ቱ የውድድር ዘመን ሳኦ ፓውሎ የተቆረቆረችበትን 400ኛ ዓመት ስታከብር የግዛቱን ዋንጫ ያነሣው ኮሪንቲያንስ ነበር። ክለቡ ድሉን ያረጋገጠው ፌብሯሪ 6 ቀን 1955 ከዋነኛ ተቀናቃኙ ከፓልሜራስ ጋር 1 ለ 1 በመለያየት ነው። አሰልጣኙ ኦዝቫልዶ ብራንዳኦ ይባል ነበር። በዚያች ቀን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የገባ ደጋፊ ቀጣዩን የግዛት ዋንጫ ለማየት ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ መጠበቅ እንዳለበት አላወቀም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የፔሌ ዘመን ነበር። በወደብ ከተማዋ በሳንቶስ የሚገኘው ተመሳሳይ ስም ያለው ክለብ ፔሌን ይዞ ግዛቱን ተቆጣጠረ። ኮሪንቲያንስ በግዛቱ ሻምፒዮና ሳንቶስን ለ11 ዓመታት ያህል ማሸነፍ አልቻለም፤ ይህ ገመድ የተበጠሰው ማርች 6 ቀን 1968 በ2 ለ 0 ድል ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ክለቡ ያገኘው ትልቅ ነገር ቢኖር በ1966 ከሌሎች ሦስት ክለቦች ጋር በጋራ የተሸለመው የሪዮና የሳኦ ፓውሎ ክለቦች ውድድር ብቻ ነው።

በ1974 ተስፋው የተቃረበ መሰለ። ዲሴምበር 22 ቀን ከፓልሜራስ ጋር በተደረገው የግዛቱ የፍጻሜ ጨዋታ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ሞሩምቢን ሞላው፤ አብዛኛው የኮሪንቲያንስ ደጋፊ ነበር። ሆኖም ፓልሜራስ 1 ለ 0 አሸነፈ። የሽንፈቱ ጥፋት በክለቡ ታላቅ ተጫዋች በሪቬሊኖ ትከሻ ላይ ተጫነ። በ1970 ከብራዚል ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሣው ሪቬሊኖ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ክለቡን ለቆ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮው ፍሉሚኔንሴ ሄደ።

ጥበቃው በረዘመ ቁጥር ደጋፊው ይሸሻል ተብሎ ቢገመት አይፈረድም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የክለቡ ደጋፊዎች ራሳቸውን “ታማኙ” ብለው ይጠሩ ነበር፤ ታማኝነታቸውንም ዲሴምበር 5 ቀን 1976 አሳዩ። ኮሪንቲያንስ ለብራዚል ሻምፒዮና የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ በማራካና ስታዲየም ፍሉሚኔንሴን ሲገጥም፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ሪዮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሄደው ደጋፊ ወደ 70 ሺህ እንደሚጠጋ ይነገራል። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቆ ኮሪንቲያንስ በመለያ ምት አለፈ። ከሳምንት በኋላ ግን በፍጻሜው በኢንተርናሲዮናል 2 ለ 0 ተሸነፈ። የ1977ቱ የውድድር ዘመን የተጀመረው ይህ ሐዘን ሳይደርቅ ነበር።

የጥቁሩ ድልድይ ልጆች

ከሳኦ ፓውሎ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ካምፒናስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቡና የበለጸገች ከተማ ናት። መገኛው ኢትዮጵያ የሆነው ቡና በዚያ ምድር በሰፊው ይለማ ነበር፤ ምርቱን ወደ ሳንቶስ ወደብ ለማድረስም የባቡር ሐዲዶች ተዘረጉ። ከሐዲዱ ድልድዮች በአንዱ አካባቢ ያለው ሠፈር “ጥቁር ድልድይ” ተባለ፤ በፖርቱጋልኛ ፖንቴ ፕሬታ ማለት ነው። የሠፈሩ ወጣቶች ኦገስት 11 ቀን 1900 በዚሁ ስም የእግር ኳስ ክለብ መሠረቱ። ዛሬም በእንቅስቃሴ ላይ ካሉት የብራዚል ክለቦች እጅግ አንጋፋ ከሆኑት መካከል ይቆጠራል።

ፖንቴ ፕሬታ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ጥቁር ተጫዋቾችን ማሰለፉን በኩራት ይናገራል። ተቀናቃኞቹ ደጋፊዎቹን ለመስደብ “ዝንጀሮ” ይሏቸው ነበር፤ ደጋፊዎቹ ግን ስድቡን ተቀብለው የክለቡ መለያ አደረጉት። በ1948 የተመረቀው የክለቡ ስታዲየም የተሠራውም በደጋፊዎች መዋጮ ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጡብ ያገኘ ጡብ፣ ጉልበት ያለው ጉልበት አዋጥቶ አቆመው።

በ1977 ይህ ክለብ ታሪኩ ያላየውን ጠንካራ ቡድን ይዞ ነበር። ግብ ጠባቂው ካርሎስ፣ ተከላካዮቹ ኦስካርና ፖሎዚ በቀጣዩ ዓመት በአርጀንቲና በተካሄደው የዓለም ዋንጫ በብራዚል ቡድን ውስጥ ተካተዋል። መሐል ሜዳውን የሚመራው ዲካ በቅጣት ምት የተካነ ሲሆን፣ በክለቡ ታሪክ ብዙ ጎል ያስቆጠረ ተጫዋች ነው። ፊት ላይ ሩይ ሬይ ነበር። አሰልጣኙ ዜ ዱዋርቴ ነበሩ። ብዙዎች በጨዋታ ጥራት ከኮሪንቲያንስ የተሻለው ፖንቴ ፕሬታ መሆኑን ይመሰክሩለት ነበር።

የውድድሩ አካሄድ

የዚያ ዓመት ሻምፒዮና በተለያዩ ዙሮች የተከፋፈለና ለወራት የዘለቀ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ያሸነፈው ከታላላቆቹ ክለቦች አንዱ አልነበረም፤ የሪቤራኦ ፕሬቶ ከተማው ቦታፎጎ ነበር። በዚህ ቡድን ውስጥ የሕክምና ትምህርቱን ከኳስ ጋር አጣምሮ ይከታተል የነበረ ረጅም ወጣት ነበር። ስሙ ሶክራቴስ ይባላል፤ በኋላ በመላው ዓለም የታወቀው ያ ሶክራቴስ ነው። በውድድሩ ብዙ ጎል ያስቆጠረው ደግሞ የሳኦ ፓውሎ ክለብ አጥቂ ሰርዢኒዮ ሲሆን 32 ጎሎችን ከመረብ አገናኝቷል።

ኮሪንቲያንስ ውድድሩን በጥሩ ሁኔታ አልጀመረም። የክለቡ ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ማቴውስ በ1954 ዋንጫውን ያመጣውን ኦዝቫልዶ ብራንዳኦን መልሰው ቀጠሩ። ብራንዳኦ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የብራዚልን ብሔራዊ ቡድን ማሰልጠን ያቆመ፣ ዕድሜው የገፋና ብዙ የተማረ አሰልጣኝ ነበር። ቡድኑ በእጁ ከገባ በኋላ መልክ ያዘ፤ ሁለተኛውንም ዙር አሸነፈ። በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ኮሪንቲያንስና ፖንቴ ፕሬታ ከየምድባቸው አንደኛ ሆነው ለፍጻሜ ተገናኙ።

ሦስት ጨዋታ በዘጠኝ ቀን

የፍጻሜው ጨዋታዎች ሁሉ የተካሄዱት በሞሩምቢ ነው። የካምፒናሱ ስታዲየም ያንን ያህል ሕዝብ የሚይዝ አልነበረም። በመሆኑም ፖንቴ ፕሬታ በታሪኩ ትልቁን ግጥሚያ አንድ ጊዜም በራሱ ሜዳ ሳይጫወት፣ በተቃራኒው ክለብ ከተማ ለማድረግ ተገደደ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኦክቶበር 5 ቀን ተደረገ። ኮሪንቲያንስ በዚያው ዓመት ከክሩዜይሮ ያስመጣው አጥቂ ፓሊንያ ባስቆጠረው ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ።

ሁለተኛው ጨዋታ እሑድ ኦክቶበር 9 ቀን ነበር። ኮሪንቲያንስ ካሸነፈ ዋንጫው የእርሱ ነው፤ ሦስተኛ ጨዋታ አያስፈልግም። በዚያ ቀን በስታዲየሙ የተገኘው ሕዝብ 146 ሺህ 82 ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሞሩምቢ ይህን ያህል ሰው ለእግር ኳስ አስተናግዶ አያውቅም። ቫጊንዮ ለኮሪንቲያንስ ቀዳሚውን ጎል ሲያስቆጥር ስታዲየሙ ተናወጠ። ፖንቴ ፕሬታ ግን አልተደናገጠም። ዲካ አቻ አደረገ፤ ሩይ ሬይ ደግሞ ሁለተኛውን ጨመረ። ውጤቱ 2 ለ 1 ሆኖ ያ ሁሉ ሕዝብ በዝምታ ወደየቤቱ ተበተነ። የ1974ቱ ሐዘን ሊደገም ነው የሚለው ስጋት በከተማዋ ነገሠ።

ሦስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ሐሙስ ኦክቶበር 13 ቀን ምሽት ተካሄደ። ከፍለው የገቡት ተመልካቾች ከ86 ሺህ በላይ ነበሩ። ጨዋታው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ዳኛው ዱልሲዲዮ ቫንደርሌይ ቦስኪሊያ፣ ከእርሳቸው ጋር በክርክር የተያያዘውን ሩይ ሬይን በቀይ ካርድ አሰናበቱት። ፖንቴ ፕሬታ ከአራት ቀን በፊት የማሸነፊያውን ጎል ያስቆጠረለትን አጥቂ አጥቶ ቀሪውን ጊዜ በጎዶሎ ተጫወተ።

እንዲያም ሆኖ የካምፒናሱ ቡድን በቀላሉ እጁን አልሰጠም። ካርሎስ፣ ኦስካርና ፖሎዚ በሩን ዘጉት። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የደጋፊው ጭንቀት በረታ። በ81ኛው ደቂቃ ኮሪንቲያንስ በቀኝ በኩል ቅጣት ምት አገኘ። የቀኝ ተከላካዩ ዜ ማሪያ ኳሷን ወደ ግብ ክልል አሻገራት። ቫጊንዮ መታት፤ የግቡን አግዳሚ ገጭታ ተመለሰች። የግራ ተከላካዩ ቭላዲሚር በጭንቅላቱ ገጫት፤ ኦስካር ከግቡ መሥመር ላይ አወጣት። የተመለሰችው ኳስ ባዚሊዮ እግር ሥር ወደቀች። ባዚሊዮም አጥብቆ መታት፤ በዚህ ጊዜ የሚያስቆማት አልተገኘም።

የጨዋታው ማብቂያ ፊሽካ ሲነፋ ሕዝቡ አጥሩን አልፎ ሜዳውን ሞላው። ስእለታቸውን ለመፈጸም ሜዳውን በጉልበታቸው እየዳኹ ያቋረጡ ደጋፊዎች ነበሩ። ብራንዳኦ ሁለቱንም ዋንጫዎች፣ ከጥበቃው በፊት የነበረውንም ጥበቃውን የቋጨውንም፣ ያመጣ አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት የቡድኑ ኮከብ ያልነበረው ባዚሊዮም “የመልአክ እግር” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ያልተዘጋው ክርክር

በካምፒናስ ያ ምሽት የሚታወሰው በሌላ መንገድ ነው። በፖንቴ ፕሬታ ደጋፊዎች ዘንድ የሩይ ሬይ መሰናበት ዋንጫውን ያሳጣቸው ክስተት ነው። ተጫዋቹ በቀጣዩ ዓመት ወደ ኮሪንቲያንስ መዛወሩ ደግሞ ቅሬታውን አባባሰው፤ የተለያዩ ጥርጣሬዎችም ተነሡ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬዎቹን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልቀረበም። በሌላ ወገን ያሉት፣ ኮሪንቲያንስ ከሦስቱ ጨዋታዎች ሁለቱን ማሸነፉን፣ የመጀመሪያውም ድል የተገኘው ሩይ ሬይ ከመሰናበቱ በፊት መሆኑን ያስታውሳሉ።

ፖንቴ ፕሬታን ያስቆጨው ይህ ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1978፣ የዚያችው ካምፒናስ ሌላኛው ክለብና የቅርብ ተቀናቃኙ ጓራኒ የመላው ብራዚል ሻምፒዮን ሆነ። ፖንቴ ፕሬታ ደግሞ በ1979ኙ የግዛቱ ሻምፒዮና ዳግመኛ ለፍጻሜ ደርሶ ዳግመኛ በኮሪንቲያንስ ተሸነፈ። በ1981 በሳኦ ፓውሎ ክለብ፣ በ2008 በፓልሜራስ፣ በ2017 ለሦስተኛ ጊዜ በኮሪንቲያንስ ተረትቶ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከትልቋ ከተማና ከሳንቶስ ውጭ ያለ ክለብ የግዛቱን ዋንጫ ሊያነሣ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ፖንቴ ፕሬታ ሳይሆን በ1986 ፓልሜራስን በፍጻሜ የረታው የሊሜራ ከተማው ኢንተር ነበር። ከዚያ በኋላ ብራጋንቲኖ በ1990፣ ኢቱዋኖ በ2014 ተመሳሳይ ድል ተጎናጽፈዋል። በ1977 ለዋንጫው እጅግ የቀረበው የካምፒናሱ አንጋፋ ግን የእነርሱን ዕድል አላገኘም።

ያ ዓመት ምን አስከተለ?

ለኮሪንቲያንስ 1977 የአዲስ ዘመን መግቢያ ሆነ። ሶክራቴስ በ1978 ክለቡን ተቀላቀለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ብራዚል ገና በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ እርሱና ቭላዲሚር ከጓደኞቻቸው ጋር “የኮሪንቲያንስ ዴሞክራሲ” የተባለውን እንቅስቃሴ መሩ። በዚያ አሠራር ከተጫዋች እስከ ሠራተኛ ሁሉም እኩል ድምፅ እየሰጠ የክለቡን ጉዳዮች ይወስን ነበር። ክለቡ በዚያ ጊዜ፣ በ1982ና በ1983፣ የግዛቱን ዋንጫ በተከታታይ አነሣ። ቭላዲሚር ከ800 በላይ ጨዋታዎችን በማድረግ በክለቡ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተሰለፈ ተጫዋች ሆኗል። ኮሪንቲያንስ የብራዚል ሻምፒዮናን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1990 ያሸነፈ ሲሆን፣ በ2012 በጃፓን በተካሄደው የክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የእንግሊዙን ቼልሲ 1 ለ 0 ረትቷል።

ዛሬ በብራዚል የግዛት ሻምፒዮናዎች እንደ ቀድሞው ረጅም አይደሉም። የሚካሄዱት በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ዋናው ትኩረት ወደ ብሔራዊውና ወደ አህጉራዊው ውድድር ዞሯል። የቀን መቁጠሪያው ተጨናንቋል፣ ይቅሩ ወይም ይጠሩ የሚል ክርክርም በየጊዜው ይነሣል። ይቆዩ የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ደግሞ በአነስተኛ ከተሞች ያሉ ክለቦች ታላላቆቹን የሚገጥሙበት ዋነኛ መድረክ ይኸው ነው የሚል ነው።

በሳኦ ፓውሎ በዕድሜ የገፉ የኮሪንቲያንስ ደጋፊዎች ከዓለም ዋንጫው ድል ይልቅ የባዚሊዮን ጎል ሲያስቀድሙ መስማት የተለመደ ነው። የክለቡ መዝገብ ከዚያ በኋላ በበለጡ ዋንጫዎች ቢሞላም፣ ከ22 ዓመታት በላይ የተጠበቀው ግን ያ አንዱ ብቻ ነው። በካምፒናስ ደግሞ አባቶች ለልጆቻቸው የካርሎስን፣ የኦስካርንና የዲካን ስም እየጠሩ ዋንጫ ስላላነሣው ታላቅ ቡድን ይነግራሉ። ልጆቹም አያቶቻቸው ጡብ አዋጥተው ወዳቆሙት ስታዲየም ዛሬም ይሄዳሉ።